ደት እና ዳውት፦ የማትነበበዋ «ቢ»

ዛሬ የማነሣቸው ሁለት አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት በተማሪዎች ደብተር ላይ ብዙ ቀይ እስክሪብቶ ያስጨረሱ ናቸው። አንደኛው «ደት» ነው፤ ዕዳ ማለት ነው። ሁለተኛው «ዳውት» ነው፤ ጥርጣሬ ማለት ነው።

ሁለቱም ሲጻፉ «ቢ» የምትባለዋ ፊደል አለችባቸው። ደት «ዲ፣ ኢ፣ ቢ፣ ቲ» ተብሎ ይጻፋል። ዳውት ደግሞ «ዲ፣ ኦ፣ ዩ፣ ቢ፣ ቲ» ነው። ሲነበቡ ግን «ቢ» በሁለቱም ላይ ድምፅ የላትም። ዲክቴሽን የሚጽፍ ልጅ የሰማውን ብቻ ከጻፈ ይሳሳታል፤ ያልሰማውን ካልጻፈ ኤክስ ይገባበታል። ታዲያ ልጁ ዞር ብሎ «ካልተነበበች ለምን ትጻፋለች?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙዎቻችን የምንመልሰው አንድ ነው፤ «እንግሊዝኛ እንዲህ ነው፤ ዝም ብለህ ሸምድድ።»

ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። መልሱን ስንከተል ከፊደል አልፈን ስለ ገንዘብ፣ ስለ እምነትና ስለ ዝምድና እንነጋገራለን። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

የሰው ነገር በእጅ ሲሆን

የደት ሥር ላቲን ነው። ላቲኖች «ዴቤሬ» የሚል ግስ ነበራቸው፤ ዕዳ ያለበት መሆን ማለት ነው። ይህ ግስ ራሱ ከሁለት ቃላት የተገጣጠመ ነው። «ዴ» ማለት «ከ» ነው፤ «ሀቤሬ» ማለት ደግሞ መያዝ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ «ከሌላ ሰው የሆነን ነገር ይዞ መቆየት» የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። ከዚሁ ግስ «ዴቢቱም» የሚለው ስም ወጣ፤ መከፈል ያለበት ነገር ማለት ነው።

ይህን ትርጉም ልብ በሉት። በላቲኖቹ አነጋገር ዕዳ ማለት ማጣት ወይም መደኽየት አይደለም። ባለዕዳ የሚባለው በእጁ ነገር ያለው ሰው ነው፤ ብቻ የያዘው ነገር የእሱ አይደለም።

የዚህ ግስ ልጆች ሳናውቃቸው ቤታችን ገብተዋል። ሐኪሞችና ነርሶች «ዛሬ ማታ ዲዩቲ ነኝ» ሲሉ የሚጠሩት ቃል ከዴቤሬ የወረደ ነው፤ የሚገባኝን የምከፍልበት ሰዓት እንደ ማለት ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ «ዲዩቲ ፍሪ» የሚል ጽሑፍ ስታዩም ያው ቃል ነው፤ እዚያ ላይ ቀረጥ ማለት ነው። ባንክ የሚሰጣችሁ ዴቢት ካርድም እንዲሁ ነው። ዴቢት ላይ ግን «ቢ» በደንብ ትሰማለች።

ልብ ሁለት ሲሆን

የዳውት ሥርም ላቲን ነው። ግሱ «ዱቢታሬ» ሲሆን «ዱቢየስ» ከሚለው ቅጽል የወጣ ነው፤ የዚህም መነሻ «ዱኦ» ነው። ዱኦ ማለት ሁለት ነው። መጠራጠር በላቲን አንዱን ልብ ለሁለት መክፈል ነው ማለት ነው።

አማርኛም እንዲሁ ይላል። ውሳኔ ያጣ ሰው «ልቤ ሁለት ሆነብኝ» ይላል። እምነቱ ያልጠና ሰው «በሁለት ልብ» ይሄዳል። ከላቲን የተዋስነው ነገር አይደለም፤ ሰው ሆኖ ሁለት መንገድ ፊት ለፊት ቆሞ የማያውቅ ስለሌለ ነው። ጀርመኖች ጥርጣሬን «ስቫይፈል» ይሉታል፤ ሁለት በእነሱ ቋንቋ «ስቫይ» ነው። የፈረንሳይኛ ቃል ከመግባቱ በፊት እንግሊዞች ራሳቸው ለጥርጣሬ የነበራቸው ጥንታዊ ቃል ሁለት ከሚለው ቁጥር ጋር የሚዛመድ ነበር። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጴጥሮስ በባሕር ላይ ሲራመድ ነፋሱን አይቶ መስጠም ሲጀምር ጌታ ለምን እንደ ተጠራጠረ ይጠይቀዋል። እዚያ ላይ የግሪኩ ጽሑፍ የሚጠቀምበት ግስ «ዲስታዞ» ነው፤ መነሻው «ሁለት ጊዜ» ማለት ነው። ጴጥሮስ አንዱን ዓይኑን በጌታ፣ አንዱን በማዕበሉ ላይ እንዳደረገ ቃሉ ራሱ ይናገራል።

እንግዲህ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ሁለቱም ውስጥ ሁለትነት አለ። በዕዳ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ባለገንዘቡና ገንዘቡን የያዘው። በጥርጣሬ ውስጥ ግን ያለው አንድ ሰው ነው፤ እሱ ራሱ ለሁለት ተከፍሏል።

«ቢ» ከየት መጣች?

እ.ኤ.አ. በ1066 ከፈረንሳይ ምድር የተነሡት ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበር እጅግ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ገቡ። ሁለቱ ቃሎቻችንም ከእነሱ ጋር ገቡ። ፈረንሳዮች ላቲኑን ሲወርሱ «ቢ»ን በአፋቸው አሟሟት፤ ዴቢቱም «ደት»፣ ዱቢታሬም «ዱቴ» ሆነ። ስለዚህ እንግሊዞች ቃላቱን ሲቀበሉ «ቢ» የለችም ነበር። እነሱም ያለ «ቢ» አነበቡ፤ ያለ «ቢ» ጻፉ።

በነገራችን ላይ፣ በዚያ ዘመን «ዳውት» መፍራት ማለትም ነበር። ፈረንሳዮች ዛሬም «ርዱቴ» የሚሉት ግስ አላቸው፤ መፍራት ማለት ነው። ጥርጣሬና ፍርሃት ጎረቤታሞች መሆናቸውን ማንም ሌሊት በሩን ቆልፎ መቆለፉን ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ የተነሣ ሰው ያውቀዋል።

«ቢ» የተመለሰችው በኋላ ነው። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ላቲንና ግሪክን እንደ አዲስ ማጥናት ጀመረች። የተማሩት ሰዎች «ይህ ቃል ከዴቢቱም የመጣ ነው፤ አባቱ ይታወቅ» ብለው የጠፋችውን ፊደል በጽሑፍ መለሷት። አፍ ግን አልተከተላቸውም፤ ገበሬውም ነጋዴውም እንደ ለመደው ማለቱን ቀጠለ። እነሆ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ «ቢ» በወረቀት ላይ ትኖራለች፤ በአፍ ላይ የለችም።

የሚገርመው በዚያው ዘመን ነገሩ መሳቂያም ነበር። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉሞች በ«ሐምሌት»ና በ«ኦቴሎ» የምናውቀው ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1598 የታተመ «ላቭስ ሌበርስ ሎስት» የሚባል አስቂኝ ተውኔት አለው። በዚያ ውስጥ ሆሎፈርኒስ የሚባል፣ ዕውቀቱ የሚያንጠባርር መምህር አለ። ሰዎች ደት እና ዳውትን ያለ «ቢ» ሲያነቡ እየሰማ ይንገበገባል፤ «ቢ» መሰማት አለባት ባይ ነው። ተመልካቹ ይስቅ የነበረው በሕዝቡ ሳይሆን በመምህሩ ነው።

ፈረንሳዮችም በዚያ ጊዜ አካባቢ «ቢ»ን በሁለቱም ቃላት ላይ ጽፈዋት ነበር። በኋላ ግን መልሰው አወጧት። ዛሬ የፈረንሳይ ልጅ ሁለቱን ቃላት ሲጽፍ «ቢ» አያስጨንቀውም። የእንግሊዝ ልጅ ግን ይጨነቃል፤ ከእሱ ጋር የእኛም ልጅ።

ሁሉም የማይነበብ ፊደል እንደ «ቢ» እውነተኛ ምስክር ነው ማለት ግን አይደለም። ደሴት ማለት የሆነውን «አይላንድ» እንውሰድ። «ኤስ» ይጻፍበታል፤ አይነበብም። ይህ ቃል ጥንት ከመሠረቱ የእንግሊዞች ነበር፤ «ኤስ» ኖሮበት አያውቅም። ከላቲን የወረደው፣ እሱም ደሴት ማለት የሆነው «አይል» የሚባል ሌላ ቃል ግን «ኤስ» ነበረው። የሚመሳሰሉ ሲመስሏቸው ጸሓፊዎቹ የአንዱን ፊደል ወስደው ለሌላው ሰጡ። ደት እና ዳውት ላይ ግን «ቢ» የሐሰት ምስክር አይደለችም፤ ድምፅ ባይኖራትም የምትናገረው የትውልድ ሐረግ ትክክል ነው።

የእኛው ዕዳ

ልጆቻችን እንግሊዞችን «የማይነበብ ፊደል የሚጽፉ» ብለው ከመሳቃቸው በፊት የራሳችንን ቃል ያስተውሉ። ዕዳ ስንል የምንጽፈው በዐይኑ «ዐ» ነው። አማርኛ ሲነገር በአልፋው «አ» እና በዐይኑ «ዐ» መካከል የድምፅ ልዩነት የለም። ታዲያ ለምን «ዕዳ» ይጻፋል? ቃሉ የግዕዝ ስለ ሆነና በግዕዝ «ዐ» ከጉሮሮ የሚወጣ የራሱ ድምፅ ስለ ነበረው ነው። ትግርኛ ተናጋሪዎች ዛሬም ዕዳ ሲሉ ያንን ድምፅ ያሰማሉ። ዐረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እኅቶቻችንም በዐረብኛ ድምፁን በደንብ ያውቁታል።

እዚህ ላይ ልዩነቱን እዩት። የእንግሊዝኛው «ቢ» በእንግሊዞች አፍ ውስጥ በእነዚህ ሁለት ቃላት ላይ ተሰምታ አታውቅም፤ ምሁራን ከመጽሐፍ ያመጧት ናት። የእኛው «ዐ» ግን በአያቶቻችን አፍ የነበረ ድምፅ ማረፊያ ነው። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚሉ አሉ፤ ይቆዩ የሚሉም አሉ። እኔ ከሚቆዩ ወገን ነኝ። ልጅ «እዳ» ብሎ ስለ ጻፈ አይገረፍ፤ ግን «ዕዳ» የሚጻፍበትን ምክንያት ይወቅ። ምክንያቱን ያወቀ ልጅ የእንግሊዝኛዋን «ቢ»ም አይጠላትም።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ

ወደ ዳውት ልመለስና ከፊደል የባሰ አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። አማርኛ «ጠረጠረ» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ይጠቀምበታል። «ይመጣል ብዬ አላምንም» ለማለትም «መምጣቱን እጠራጠራለሁ» እንላለን፤ «እሱ ሳይሆን አይቀርም» ለማለትም «እሱን እጠረጥራለሁ» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ሁለት ቃላት አሉት፤ ዳውት እና ሰስፔክት።

አንድ ሰው «ገንዘቡን እሱ መውሰዱን ዳውት አደርጋለሁ» ቢል በእንግሊዝኛ «እሱ የወሰደ አይመስለኝም» ማለት ነው። «ሰስፔክት አደርጋለሁ» ቢል ግን «እሱ ሳይወስደው አይቀርም» ማለት ነው። በፖሊስ፣ በአሠሪ ወይም በሐኪም ፊት በአማርኛ እያሰበ በእንግሊዝኛ የሚናገር ሰው አንዱን በሌላው ቢተካ ያሰበውን ተቃራኒ ይናገራል፤ ሊከስ ፈልጎ ነጻ ያወጣል። በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችሁ ይህን ቢያነቡት አይከፋም። መለያው ቀላል ነው፤ ዳውት ልብን ለሁለት የሚከፍል ነው፤ ሰስፔክት ደግሞ «ከሥር ማየት» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። እኛ በጎሪጥ ማየት እንደምንለው ነው። በጎሪጥ ያየኸው ሰው ላይ ግማሽ ፍርድህን ሰጥተሃል።

ዕዳ ወደ ጥርጣሬ ሲለወጥ

እነዚህን ሁለት ቃላት አንድ ላይ ለማንሣት የፈለግሁት ግን ፊደላቸው ስለሚመሳሰል ብቻ አይደለም። በቤተሰብ መካከል አንዱ ሌላውን ሲወልድ ስለማይ ነው።

ላቲኖች ማመንን «ክሬደሬ» ይሉታል፤ ባንኮች የሚሉት «ክሬዲት» የመጣው ከዚያ ነው። ማበደር ከሥሩ ማመን ነው። ወንድም ለወንድሙ ገንዘብ ሲሰጥ ልቡ አንድ ነው፤ «ይመልስልኛል» ብሎ ያምናል። ቀኑ ያልፋል። ተበዳሪው ያፍርና ስልክ ማንሣት ይተዋል። አበዳሪው «አውቆ ነው ወይስ አጥቶ?» እያለ ያስባል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ልብ ለሁለት ተከፈለ። ዕዳው ያው ነው፤ አልጨመረም፤ አሁን ግን ላዩ ላይ ጥርጣሬ ተቀመጠበት። ከዚያ በኋላ በሰርግ ቤት አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ይቀራል፤ በለቅሶ ቤት ደግሞ በሩቁ ሰላምታ ብቻ ይሆናል። ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ ልብ ወደ አንድነቱ ለመመለስ ጊዜ ይወስድበታል።

እናቴ አንዲት ትንሽ ደብተር ነበራት። ለማን ምን እንዳበደረችና ከማን ምን እንደ ተበደረች ትጽፍባት ነበር፤ አንድ ቁና ጤፍም ቢሆን፣ መቶ ብርም ቢሆን። አንድ ቀን ጎረቤታችን ደብተሯን አየችና «እትዬ፣ እኛን አታምኝንም እንዴ?» አለቻት። እናቴም «ስለማምንሽማ ነው፤ ሳልጽፈው ሳድር ሌሊት አእምሮዬ ሲደምር ሲቀንስ ያድራል። ከጻፍኩት ግን ለደብተሩ ትቼለት እተኛለሁ» አለቻት። ጎረቤታችን ሳቀችና «እንግዲያው የእኔንም ከዚያው ጻፊልኝ፤ እኔም ልተኛ» አለች። ሁለቱ ሴቶች እስከ መጨረሻው እንደ እኅትማማች ኖሩ።

ብዙ ሰው በዘመድ መካከል መጻፍን እንደ ነውር ያያል። «በእኛ መካከል ወረቀት?» ይላል። አገራችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ተረት አላት፤ ተጠንቀቅ ለማለት ነው። ሕጋችንም ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 የገንዘብ ብድር ከ500 ብር በላይ ከሆነ በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ማስረዳት እንደማይቻል ይደነግጋል። ምስክር ብቻ ቆጥሮ አበድሬዋለሁ ማለት አይበቃም ማለት ነው። ዛሬ 500 ብር ምን ያህል እንደሚገዛ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ይህ ሕግ የሚመለከተው ሀብታሞችን ብቻ አይደለም፤ ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከእኅቱ የሚበደረውንም ጭምር ነው።

እኔ የምመክረው ተረቱን ትንሽ በለሰለሰ መንገድ ነው። ዘመዳችሁን ከመጀመሪያው መጠርጠር አያስፈልግም። ማመን የምትችሉትን ያህል አበድሩ። ከዚያ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ በአንድ ወረቀት ላይ መጠኑንና የመመለሻውን ቀን ጻፉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ ለየራሳችሁ አንድ አንድ ቅጂ ያዙ። ቀኑ ሲደርስ ገንዘቡ ባይሞላ ተበዳሪው ቀድሞ ይደውል። አንዲት የስልክ ጥሪ ዕዳውን አትከፍልም፤ የአበዳሪውን ልብ ግን ለሁለት ከመከፈል ታድነዋለች።

ለልጆች

በመጨረሻ ለዲክቴሽኑ የሚሆን ዘዴ ልስጣችሁ። ዴቢት ካርድን ሁሉም ልጅ አይቶታል። ዴቢት «ዲ፣ ኢ፣ ቢ፣ አይ፣ ቲ» ተብሎ ይጻፋል። «አይ»ን አውጡት፤ ደት ይሆናል። ካርዱ ላይ «ቢ» ስላለች ዕዳው ላይም አለች።

ለዳውት ደግሞ «ደብል» የሚለውን ቃል ያዙ። ደብልም እንደ ዳውት ሥሩ «ዱኦ» ነው፤ እጥፍ፣ ሁለት ማለት ነው። ሲጻፍ «ዲ፣ ኦ፣ ዩ፣ ቢ፣ ኤል፣ ኢ» ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደላት አውጡና በቦታቸው «ቲ» አስገቡ፤ ዳውት ሆነላችሁ። ልብ ደብል ሲሆን ጥርጣሬ ነው ብላችሁ ንገሯቸው፤ አይረሱትም።

ልጁ እንደገና «ካልተነበበች ለምን ትጻፋለች?» ካላችሁ አሁን መልስ አላችሁ፤ የቃሉን አባት ስም የያዘች ፊደል ናት በሉት። ደብተሩ ላይ ቀዩ እስክሪብቶ ከቀረለት ለዚህ ዓምድ ዕዳ የለባችሁም።

ሳምንት በሌሎች ቃላት እስክንገናኝ፣ ቸር እንሰንብት።